ፈረስዎን የት ላይ ነው የሚያመው?

ምንጃር ሳለን እናቴ ጥርሷን ታማ፣ ጉንጯ እንደ ቅል አብጦ፣ ጎረቤት ገብታ «እንዴት ሰነበትሽ?» ስትላት ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ሳብ አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ትል ነበር። መዋሸቷ አልነበረም። በቤታችን ምስጋና ይቀድማል። ሕመም የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ጠያቂው ደጋግሞ ከጠየቀ፣ እሱም በግማሽ አፍ። ሳይጠየቁ «አመመኝ» ማለት ፈጣሪን እንደ መክሰስ ይቈጠር ነበር። ይህን ይዤ አደግሁ። ይህንኑ ይዤ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሬ፣ ድሬሰር ተብዬ፣ ከአገሬ ርቄ አገው ምድር፣ እንጅባራ ጤና ጣቢያ ተመደብሁ።

የምንጃር ልጅ የለመደችው ፀሐይ ነው። እንጅባራ ግን፣ ያን ጊዜ ብዙው ሰው ኮሶ በር ይላት ነበር፣ ከግንቦት ጀምሮ ጉሙ አጥር ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥሎ ይውላል። አጥሩ ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ፣ ድንች የሚሸከሙበት ቅርጫት ቀርከሃ። የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ያልበው ነበር። ሰዉ ደግ ነው፤ ግን እርስ በርሱ በአገውኛ ሲጫወት እኔ ዝም ብዬ ፈገግ እያልሁ እቀመጣለሁ። «እንዴት ነሽ? አገሩን ለመድሽው?» ሲሉኝ መልሴ ያው የእናቴ መልስ ነው።

ሲስተር የመጣችው እኔ በመጣሁ በዓመቱ ነው። ስፔን ከሚባል አገር የመጣች ነርስ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ አጭር፣ የወንድ ቦት ጫማ የምታደርግ። በመጀመሪያው ቀን «እንዴት አደሩ?» ብላት ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን አየች።

«ስንት ሰው ነኝ?» አለችኝ።

«ለአክብሮት ነው፣ ሲስተር።»

«እኔ አንድ ነኝ። ለአንድ ሰው የሚባለውን በይኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኋት፤ አፌ ግን ለብዙ ጊዜ ይከብደው ነበር። እሷም በፈንታዋ ከአማርኛው የያዘችው «አንቺ»ን ብቻ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በዚያው ትጠራለች። በር ላይ የሚቆመው ዘበኛችን የዚያው አገር ተወላጅ ነበር፤ በአገውኛም በአማርኛም መቀለድ የማይታክተው ሰው። ጠዋት ጠዋት «አንቺ፣ ውኃ አምጪ» ስትለው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ እየነሣ፣ «ኧረ ሲስተር፣ ቀስ በይ! ሚስቴ ሰምታ ሴት ነው ያገባሁት ብላ እንዳትፈታኝ!» ይላታል።

እኔና እሷ የምንግባባው በእሷ ጥቂት አማርኛና በሁለታችንም አንካሳ እንግሊዝኛ ነበር። ሕመም ላይ ስትደርስ ግን ሁለቱንም ትጥላቸውና ወደ እናቷ ቋንቋ ትገባለች። ስለ ሰው ሕመም በተውሶ ቋንቋ አልጠይቅም ባይ ናት። ስለዚህ ስፓኒሽ መማር ግድ ሆነብኝ፤ እሱም ሰላምታውንና ገበያውን ትቼ ሕመሙን ብቻ። እስከ ዛሬ በስፓኒሽ ዳቦ መግዛት አልችልም። የት ላይ እንደሚያመኝ ግን መናገር እችላለሁ።

ነገሩ ወደ እሷ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት እንዳያስገባኝ ሰግቼ የንስሓ አባቴን ጠየቅኋቸው። አሰብ አደረጉና፣ «ቋንቋ አያረክስም፣ ልጄ። ብቻ በጾም ቀን ከእሷ ማዕድ እንዳትቀርቢ» አሉኝ። ሲስተርም ይህን ስነግራት አልተቀየመችም፤ በረቡዕና በዓርብ ምሳዋን ወደ ጓዳ ይዛ እየገባች ትበላ ጀመር። እኔን ላለመፈተን ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠኝ በረንዳው ላይ፣ የመርፌው ዕቃ በላምባ ምድጃ ሲቀቀል ነበር።

«ሰው ‹ሆዴን› ሲልሽ ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሆድ ሕመም።»

«ሆድ ትልቅ አገር ነው። የትኛው ጎጥ ነው የሚነደው?»

ከዚያ ጣቷን እንደ ወስፌ ጎኔ ላይ ሰካ አድርጋ «ፑንሳዳ» አለች። ደረቷን ከታች ወደ ላይ በመዳፏ እየዳበሰች፣ ፊቷን በርበሬ እንደ በላ ሰው እያደረገች «አርዶር» አለች። ፎጣውን ከውኃ አውጥታ በሁለት እጇ ጠምዝዛ እየጨመቀች «ሬቶርቲኾን!» ስትል ዘበኛው ከበሩ ሆኖ፣ «ይቺማ የኔ ናት፤ ትናንት ጥሬ ድንች በልቼ ያደረችብኝ ናት!» ብሎ አሳቀን። እኔም ልብ አልሁ፤ ውጋት አለን፣ ቃር አለን፣ ቁርጠት አለን፣ ፍልጠትም ቁርጥማትም አለን። የጎደለን ቃል አልነበረም። በደጅ የምናቆመው ዘበኛ ምስጋናችን ነው፤ ቃሎቹን ከእሱ አልፈው እንዲወጡ አይፈቅድላቸውም።

የሐዘኑንም አስተማረችኝ። «ፔና» ያዘነ ሰው ልብ ላይ የሚቀመጠው ነው። «ፔሳር» ሲሉ ሸክም አለበት፤ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። «ኮንጎኻ» ጉሮሮ ላይ የሚታነቀው፣ እንባ ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው። «ዶሎር» ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ለጥርስም፣ ልጁ ለሞተበትም።

«ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አልኋት።

«ትቆዪያለሽ» አለች። «ዝም ብለሽ ትቆዪያለሽ። ሰውየው ራሱ ይለየዋል።»

አሠራሯ እንዲህ ነበር። «እንዴት ነዎት?» ብላ በጭራሽ አትጠይቅም፤ ለዚያ ጥያቄ በአገሩ አንድ መልስ ብቻ እንዳለ ቶሎ ገብቷታል። ከታማሚው ዝቅ ብላ፣ አግዳሚው ላይ እሱን አስቀምጣ እሷ መሬት ወይም ደረጃ ላይ ትቀመጥና «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ትላለች፤ የት ላይ ነው የሚያምዎት? መልሱን ስተረጉምላት እኔን አታየኝም፤ የታማሚውን እጅ ነው የምታየው። «አፍ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እጅ፣ እውነት» ትላለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። እውነቷን ነበር። ደኅና ነኝ የሚለው ሁሉ እጁ የሆነ ቦታ ላይ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት ሰኔ ሲገባ፣ ጉሙ ከመሬት ሳይነሣ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ በእጃቸው አለንጋ ይዘዋል። እንጅባራ ላይ አለንጋ የያዘ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ በአገሩ ወንድ በፈረሱ ነው የሚታወቀው፤ በጥር በጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው በጋላቢ ይሞላል። እኒህ ሰው ግን ፈረስ አላሰሩም። በእግራቸው ነው የመጡት። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንባራቸው በዚያ ብርድ ያልበዋል።

ዘበኛው ሮጦ ተቀበላቸውና በአገውኛ ተነጋገሩ። ከዚያ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ።

«ፈረሳቸው ታሟል አሉ። የከብት ሐኪም የለንም ብላቸው አልሰማ አሉኝ።»

«እንዴት አደሩ፣ አባቴ?» አልሁ ቀርቤ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ደኅና ነኝ» አሉ በአማርኛ። «ፈረሴ ነው። ከትናንት ጀምሮ አሞታል።»

«እዚህ የምናክመው ሰው ነው፣ አባቴ።»

«ዐውቃለሁ። መድኃኒቱን ንገሪኝና እሄዳለሁ።»

ሲስተር ወጥታ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ወደ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አል ካባዮ፣ ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?»

«ፈረስዎን የት ላይ ነው የሚያመው?» ብዬ ተረጐምሁ፤ ስተረጉመው ለራሴም ገረመኝ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ጎናቸውን አሳረፉ። አካሄዱን እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ እግራቸውን ገጠም አድርገው።

«ሆዱን ነው» አሉ። «ትናንት ከቀትር በኋላ ጀመረው። እየመጣ ይጠመዝዘውና ትንሽ ይለቀዋል። ሣር አይቀምስ፣ ውኃ አይጠጣ። ፋንድያም አልጣለም። ሌሊቱን ሲነሣ ሲወድቅ፣ ሲያስመልሰው ነው ያደረው።»

ዘበኛው አፉን ከፈተ። በፈረስ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ እኔ ያልገባኝ ነገር ገብቶታል። «ፈረስ እኮ...» ሲል ሲስተር ዓይኗን ወደ እሱ ዞር አደረገችና እጇን ጉልበቱ ላይ ጫን አደረገች። ዝም አለ። እሱን ዝም ያሰኘ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት። ኋላ ነገረኝ፤ ፈረስ አያስመልሰውም። ቢሞት እንኳ የበላውን ወደ አፉ አይመልስም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሽማግሌው ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ሕመሙ በርትቶባቸው ነው ያመለጣቸው።

ሲስተርም ታውቀው ነበር። ግን አንዲት የፊት ጡንቻ አላንቀሳቀሰችም። «ያሳዩኝ» አለች። «ፈረሱ እዚህ የለም። በሰው ላይ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ በአለንጋቸው ጫፍ ዘበኛውን ብሽሽቱ ላይ ነካ አደረጉት፤ «እንዲህ፣ ከዚች ላይ።»

«ኧረ አባቴ!» ብሎ ዘለለ። «እኔ ጤነኛ ነኝ! የልጆች አባት ነኝ!»

ሽማግሌው ሊስቁ ጀምረው መሀል ላይ ተቆረጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው በአገውኛ አንድ ነገር አቃሰቱ። አለንጋ ያልያዘው እጃቸው በጋቢው ሥር ገብቶ ዘበኛው ላይ ያሳዩትን ያንኑ ቦታ ይዞ ነበር።

ሲስተር ወደ ውስጥ ጠርታኝ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም እየደባለቀች ነገረችኝ። ቡአ ነው። አንጀት በቀዳዳ ወጥቶ ታንቋል። ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ከተማ ካልሄዱ ለነገ አይደርሱም። ድንች የጫነው መኪና ከሰዓት በፊት ያልፋል። ግን ሳታይ፣ ሳትዳስስ፣ እሳቸውም እሺ ሳይሉ ልትጭናቸው አትችልም። እኔም ገባኝ። ቡአ በአገራችን ወንድ ለሚስቱ እንኳ የማይነግረው ሕመም ነው። ለሁለት ሴቶች፣ አንዷ ፈረንጅ፣ አንዷ በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ያለች፣ እንዴት ይናገሩት?

ስንመለስ፣ «አባቴ፣ ፈረሱ በመኪና ወደ ትልቅ ሐኪም መሄድ አለበት ትላለች» አልኋቸው።

«ፈረስ ይጭናል እንጂ አይጫንም» አሉ። ቀልድ ለማስመሰል ሞከሩ። «መድኃኒት ከሌላት እሄዳለሁ።»

በዚህ መሀል ነው ልጃቸው የደረሰችው። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትሮጥ መጥታ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም። ከአልጋቸው አጥታቸው፣ መንገድ መንገዱን ሰው እየጠየቀች ነው የደረሰችብን።

«አባዬ! ሌሊቱን ሲያምዎት አድረው የት ብለው ወጡ?»

«ፈረሱን...»

«የትኛውን ፈረስ?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ፈረሱ እኮ ጥር ላይ ሞቷል፣ አባዬ!»

ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌው አለንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ያ ቀጥ ያለ የጋላቢ ጀርባቸው ጎበጠ። ሕመሙ እስከዚያ ድረስ ያላጎበጠውን ጀርባ ኀፍረት አጎበጠው። ወደ በሩ አንድ ሁለት ጊዜ ተራመዱ። በዚያ በር ከወጡ እንደማይመለሱ አውቄአለሁ፤ ልጃቸውን ምን ብዬ እንደማነጋግር ግን አላወቅሁም።

ሲስተር አልተነሣችም። ከተቀመጠችበት ደረጃ ሆና፣ ድምፅዋን ሳትጨምር በስፓኒሽ መናገር ጀመረች። አትተርጉሚ አላለችኝም፣ ተርጉሚም አላለችኝም። የያዝሁትን ያህል ከኋላ ከኋላዋ እያልሁ ተከተልኋት።

አባቷ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ በተራራ መንገድ በበቅሎ ወይን ጠጅ የሚያመላልስ። አንድም ቀን «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። ሲያዝን «በቅሎዋ ዛሬ ከፍቷታል» ይላል። ወገቡን ሲያመው «በቅሎዋ ደክሟታል» ይላል። እሷና እኅቶቿ ይሥቁበት ነበር፤ በቅሎዋ ጭድ እየበላች፣ ዝንብ በጅራቷ እየመታች፣ ከፍቷታል! አንድ የብርድ ቀን አባቷ እሳት ዳር ሆኖ፣ «በቅሎዋ መቆም አቃታት» አለ። ልጆቹ ወደ ጋጣው ሮጡ። በቅሎዋ ቆማለች። ይህንኑ ሊነግሩት እየሣቁ ተመለሱ። የሸክም ሰው ነበርና አንጀቱ እንደዚሁ ታንቆበት ኖሯል። ቄስ ሳይደርስለት ሞተ።

ሽማግሌው በሩ አጠገብ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን ቆመው ይሰማሉ።

«እኛ ሣቅን» አለች ሲስተር። «ማናችንም በቅሎዋን የት ላይ እንደሚያማት አልጠየቅነውም። እኔ ግን አሁን እርስዎን እጠይቃለሁ። ፈረስዎን የት ላይ ነው የሚያመው?»

ስተረጉም ጉሮሮዬ ተያዘ። ኮንጎኻ የተባለው ይህ ነው ብዬ አሰብሁ።

ሽማግሌው ብዙ ቆዩ። ሲስተር ቆየች። ልጃቸው ልትናገር ስትል እጇን ያዝኋት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጀመሩ፤ በአማርኛ ጀምረው ወደ አገውኛ ገቡ፤ ዘበኛው ቀስ ብሎ፣ ያለ አንዳች ቀልድ፣ ለእኔ አቀበለኝ።

ጊዮርጊስ ዕለት ጋልበውት ተመልሰዋል። በማግሥቱ ፈረሱ ሆዱን በእግሩ እየመታ ወደቀ። ሲመሽ ሞተ። ለፈረስ ለቅሶ አይቀመጡም። ጎረቤት መጣና «ሌላ ትገዛለህ» አላቸው። ጎትተው ገደል እንዲጥሉት፣ ጅብ እንዲበላው መከሯቸው፤ ወጉ እንዲያ ነውና። እሳቸው ግን ያንን አንገት ለጅብ መስጠት አልሆነላቸውም። ሰው እንዳይሥቅባቸው ሁሉም ገበያ የሄደበትን ቀን ጠብቀው፣ ብቻቸውን ጠፍር አስረው፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ቆፈሩት ጉድጓድ ጎተቱት።

«ሲጎትቱት አንድ ነገር ተቀደደባቸው» አለኝ ዘበኛው። «ያን ቀን ነው፣ እዚህ ላይ፣ ይላሉ።»

ሽማግሌው ዞረው ነበር። እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጥቶ ብሽሽታቸው ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ሌላው እጃቸው፣ አለንጋው እንዳለበት፣ ደረታቸው ላይ ነው።

ሲስተር ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለችና ሁለት እጃቸውን፣ አለንጋውን ጭምር፣ ያዘቻቸው። «ሌ አኮምፓኞ ኤን ኤል ሴንቲሚዬንቶ» አለች።

«በአገሯ ለቅሶ ቤት ገብተው ለሐዘንተኛ የሚሉት ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። «በሐዘንዎ ከጎንዎ አለሁ ትላለች።»

«ለፈረስ?»

«ለፈረስ።»

በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን አበሱ። «እግዜር ይስጥሽ በያት» አሉ። «ትየኝ። አንቺ ግን ፊትሽን አዙሪ። ለአገሩ ሰውም ፈረሱን ሊያሳክም ሄደ ነው የሚባለው።»

ፊቴን አዙሬ መጋረጃውን ያዝሁ። ሲስተር ከመጋረጃው ወዲያ ሆና «አፍዎ ያመሰግናል፣ እጅዎ ግን እውነተኛ ነው በያቸው» አለችኝ፤ እኔም አልኋቸው። የሳቅ ትንፋሽ ሰማሁ። ድንች የጫነው መኪና ሲደርስ ከሾፌሩ አጠገብ አስተኛናቸው፤ ሲስተርም ትከሻቸውን ደግፋ አብራቸው ሄደች። ልጃቸው ከኋላ ድንቹ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሰው ሲጠይቅ የመለሰው ዘበኛው ነው። ምሥጢር ሲይዝ አይቼው የማላውቀው ሰው።

«የት ሄዱ?»

«ፈረሳቸውን ሊያሳክሙ።»

«ያንን የሞተውን?»

«አዎ፣ የሞተውን። ምን ይገርማል? ሐኪሟ ፈረንጅ ናት።»

ሲስተር ከቀናት በኋላ ተመለሰች። ቢላው ደርሶላቸዋል፤ ግን ትኩሳት ይዟቸዋል፤ ሐኪሞቹ ጠብቁ ብለዋል። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። መንገዱን ዝናብ ቈርጦት ስልክም ሾፌርም አልመጣልንም። በየጠዋቱ ወደ ደብሩ ስሄድ የእሳቸውን ነፍስ እለምን ነበር። ስለምን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ስንት ዓመት የደገምሁት ጸሎት ራሱ ከምስጋናው ቀጥሎ በሰው ጩኸት የተሞላ ነው፤ አጥንቴ፣ ዓይኔ፣ ነፍሴ እያለ በየቦታው ይጠቁማል። ፈጣሪ ሲከሰስ አላየሁበትም። ሲነገረው ነው ያየሁት።

በዚያ ክረምት ዘበኛው ሳያስበው አዲስ ሥርዐት አወጣ። ወንድ ሲመጣ በር ላይ አቁሞ፣ «የታመመው ጌታው ነው ወይስ ከብቱ?» ይላል። ብዙው ሥቆ «እኔው ነኝ» ይላል። አንዳንዱ ግን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሬዬ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ዘበኛው «ሲስተር፣ በሬ መጥቷል!» ብሎ ይጣራል፤ እሷም ወርዳ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ሽንቱ የሚያቃጥለው በሬ አከምን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ ያጣ በቅሎ አከምን። ለዚያኛው መድኃኒት አልነበረንም፤ ሲስተር ግን ከሁሉ ይልቅ ከእሱ ጋር ቆየች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ አለንጋው ነው። ቀጥሎ ጋቢው። ከስተዋል፤ ሲራመዱ ግን እግራቸውን አልገጠሙም። ልጃቸው ከኋላቸው ቅርጫት ሙሉ ድንች ይዛለች።

ዘበኛው በሩን ያዘ። «የታመመው ጌታው ነው ወይስ ፈረሱ?»

«ወግድ፣ አንተ!» አሉት። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ጌታው ድኗል። ፈረሱ ግን ያው ነው፤ ያመኛል።» ይህን ሁሉም ሰው እየሰማ፣ በሩ ላይ ቆመው፣ በጠራ ድምፅ ነው የተናገሩት። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ሲስተር ከበረንዳው ሮጣ ወረደችና ሦስት ጊዜ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ሙሽራ እያፈሩ ቆሙላት።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ደኅና ነኝ።»

«እሱማ ይመስገን» አሉ። አለንጋቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉ። «እጅሽን የት ነው ያደረግሽው?»

አየሁት። ቀኝ እጄ ነጠላዬን ወደ ጉንጬ ስቦ ይዟል። ምንም አላመመኝም፤ ጥርሴም ደኅና ነው። እናቴን ካየሁ ሦስተኛ ክረምቴ ነበር።

ሲስተር ከእኔ ዝቅ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ቆየች። ሽማግሌውም አግዳሚው ላይ አረፉ። እኔም ምስጋናዬን ከፊት አስቀድሜ፣ ስለ አንድ የጥርስ ሕመም መናገር ጀመርሁ።